ከአዳራሹ በፊት ግቢውን ንደፉልን፦ ስለ አዲሱ ምኩራባችን ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን ከንቲባ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ የእቅድና የግንባታ ኮሚቴ፣ ለምኩራቡ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ፣ እንዲሁም ለቄሶቻችንና በሰፈራችን ለሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን በሙሉ፦

ክቡራንና ክቡራት፣

ለአዲሱ ምኩራባችን የተዘጋጀውን የመጀመሪያ ንድፍ ተመልክቻለሁ። በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ የደከሙበትን ባለሙያዎች አመሰግናለሁ። ሰፊ የጸሎት አዳራሽ አለው፤ ከላይ የሴቶች ሰገነት፣ ከምድር በታች ከሮኬት መጠለያ የሚሆን የተጠበቀ ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ ጠባብ ወጥ ቤት ተቀምጦለታል። ከሕንፃው የተረፈው መሬት ግን በሙሉ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሰው ከጸሎት ወጥቶ ቆም ብሎ ሰላም የሚባባልበት፣ ሽማግሌ አረፍ የሚልበት፣ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ የለም። ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ንድፉ እንደገና ይጀመር፤ ሲጀመርም በቅድሚያ ግቢው ይነደፍ፤ አዳራሹ፣ የልጆች መማሪያው፣ ወጥ ቤቱና የቄሶች ክፍል በግቢው ዙሪያ ይቀመጡ።

በሙያዬ የሕንፃ ነዳፊ ነኝ። በዚህ ሥራ ውስጥ ክፍያም ሆነ ውል የለኝም። የዕብራይስጡ ቅጂ ለማዘጋጃ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ገብቷል፤ ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ጉዳዩ ከማንም በላይ የሚመለከታቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ሳያስተረጉሙ አንብበው እንዲመክሩበት፣ የተሳሳትኩትም ካለ እንዲያርሙኝ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጎንደር ዙሪያ የነበሩት ጸሎት ቤቶቻችን ትንንሽ ነበሩ። ብዙዎቹ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን የነበራቸው ሲሆኑ በኋላ ቆርቆሮ የለበሱም ነበሩ። አምቦበርንና ወለቃን የሚያውቁ ሁሉ ይመሰክራሉ። ዙሪያቸው ግን ቅጥር ነበረው፤ በቅጥሩ ውስጥ ያለው መሬትም እንደ ቤቱ የተከበረ ነበር። የፋሲካው በግ የሚታረደው እዚያ ነው፤ ከድንጋይ የተሠራው መሠዊያ የሚቆመውም በዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በበዓል ቀን ቤቱ ስለማይበቃ ሕዝቡ ውጭ ቆሞ ይጸልያል፤ የቄሶቹ ዜማና የነጋሪቱ ድምፅ በተከፈተው በር ወደ ሕዝቡ ይወጣል። በሰንበት ከየቤቱ የመጣውን ዳቦ ቄሱ ባርከው ሲቆርሱ ሁሉም በአንድነት ይቀምሳል። የተጣላ ካለ ሽማግሌዎቹ ይዘውት የሚቀመጡት ከዚያ ብዙም ሳይርቁ ነው።

የአባቶቻችንን ጸሎት ቤት በጎጆው ስፋት ብቻ ለክቶ «እናንተ የለመዳችሁት ጠባብ ቤት ነበር፤ አሁን ትልቅ አዳራሽ ተሰጣችሁ» የሚለንን ሰው አጋጥሞኛል። የለካው ግማሹን ብቻ ነው። ጸሎት ቤቱ ማለት ጎጆውና ቅጥሩ አንድ ላይ ነበሩ፤ ከሁለቱም ሰፊው ክፍል ሰማይ የሚያየው ነበር። ይህን ትተን አዳራሹን ብቻ ብናሰፋ፣ ስፋቱ ምንም ያህል ቢሆን ያለን ነገር ቀንሷል።

ስለ ግንባታ ስንናገርም ከሩቅ የመጣን እንግዶች አይደለንም። ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የጎንደር ነገሥታት ቤተ መንግሥቶቻቸውን ሲያሠሩ ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነትና በአናጺነት እንዳገለገሉ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ያ ሥፍራ እስከ ዛሬ ፋሲል ግቢ ይባላል። ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበውም በዚሁ ስም ነው፤ በአንድ የድንጋይ ቅጥር ውስጥ የተሰባሰቡ ብዙ ሕንፃዎች፣ በመካከላቸውም ሰው የሚቆምበት፣ ፈረስ የሚታሰርበት፣ ጉዳይ ያለው የሚጠብቅበት ሜዳ። አያቶቻችን ሕንፃን እንዲህ አድርገው የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ።

ይሁንና የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲሶች ጥያቄያችንን ከኢትዮጵያ ይዘነው የመጣነው ናፍቆት ብቻ አድርገው እንዲወስዱት አልፈልግም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 27 የማደሪያውን አደባባይ በክንድ ለክቶ ያዛል፤ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50 ክንድ። አደባባዩ ከድንኳኑ ተርፎ የቀረ መሬት አልነበረም፤ መጋረጃው፣ ምሰሶው፣ የነሐስ እግሩ ሳይቀር የራሱ ትእዛዝ ነበረው። በስግድ በዓላችን ዕለት ቄሶቻችን ከሚያነቡልን መጻሕፍት አንዱ የሆነው ነህምያም ምዕራፍ 8 ላይ ሕዝቡ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በውኃ በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰብስቦ ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር ኦሪትን እንዳነበበለት ይተርካል። በዚያ ጊዜ ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ተሠርቶ ቆሞ ነበር። ዕዝራ ግን ለዚያ ንባብ ሕዝቡን የሰበሰበው አደባባይ ላይ ነው። ምዕራፉ ወረድ ሲል ደግሞ ሕዝቡ የዳስ በዓልን ሲያከብር ዳሱን በየቤቱ ሰገነት፣ በየግቢው፣ በእግዚአብሔርም ቤት አደባባዮች እንደሠራ ይናገራል። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በ2008 ስግድን በሕግ የአገር በዓል ሲያደርገው ያከበረው ይህንኑ በአደባባይ የመሰብሰብ ልማድ ነው። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም አርሞን ሃነጺቭ ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው የሚቆሙትን ቄሶች ለማየት የሚመጡ ባለሥልጣናት፣ እዚያ የሚያደንቁት ነገር በየሰፈራችን ቦታ እንዲያገኝ ሲጠየቁ መገረም የለባቸውም።

ምኩራብ ከጥንት ጀምሮ የብዙ አገልግሎቶች ግቢ እንደነበረ የሚመሰክር ድንጋይም አለ። በ1913 በኢየሩሳሌም፣ በዳዊት ከተማ በተደረገ ቁፋሮ የተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ ቴዎዶቶስ የተባለ ካህንና የምኩራብ አለቃ ያሠራውን ይዘረዝራል፦ ኦሪት የሚነበብበትና ትእዛዛቱ የሚማሩበት ምኩራብ፣ ከእርሱም ጋር የእንግዳ ማረፊያ፣ ክፍሎችና የውኃ መገልገያ፣ ከሩቅ አገር መጥተው ማደሪያ ለሚያጡ። አብዛኞቹ ሊቃውንት ጽሑፉ ቤተ መቅደሱ ሳይፈርስ በፊት የተቀረጸ ነው ይላሉ። ከአንድ የሩቅ አገር ተነስተው ወደ ኢየሩሳሌም ለመጡ ሰዎች ልጆች ይህ ጽሑፍ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ መግለጽ ያዳግተኛል። እናቴና አባቴ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ሲመጡ መጀመሪያ የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ የሚጸልዩበት፣ የሚጠይቁት ሰው የሚያገኙበት፣ አረፍ የሚሉበት ሥፍራ።

በዛሬይቱ ቱርክ በሰርዴስ የተገኘው ታላቅ ጥንታዊ ምኩራብ ከአዳራሹ በፊት በምሰሶዎች የተከበበ ግቢ ነበረው፤ መካከሉ ላይም ውኃ ነበረ። በቱኒዝያ ጄርባ ደሴት ከኤል ግሪባ ምኩራብ ጎን በግቢ ዙሪያ የተሠሩ የተሳላሚዎች ማረፊያ ክፍሎች አሉ። ከሁሉም የሚያስተምረኝ ግን በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ እርስ በርሳቸው የተያያዙት አራቱ የሴፋርዲ፣ ማለትም መነሻቸው ስፔን የሆነ አይሁድ፣ ምኩራቦች ናቸው። መካከለኛው የሚባለው ምኩራብ ቀድሞ ግቢ እንደነበረና ኋላ ጣሪያ እንደተሠራለት ይታመናል። ምእመኑ ሲበዛ ግቢው አዳራሽ ሆነ። ለአሠሪ ኮሚቴው ይህን የማነሳው ገንዘብን በሚመለከት ነው፤ ዛሬ ግቢ የተወለት ምኩራብ ልጆቹ ሲበዙ የሚሰፋበት አለው፤ መሬቱን በሙሉ በኮንክሪትና በአስፋልት የሸፈነ ግን ሌላ ቦታ ከመለመን በቀር ምርጫ የለውም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የራቢዎች የሕግ መጽሐፍ በሆነው በታልሙድ፣ በበራኾት ክፍል፣ ሰው ወደ ምኩራብ ሲገባ ሁለት በሮችን አልፎ እንዲገባ ተነግሯል። ከመንገድ በቀጥታ ዘው ብሎ መግባት ለጸሎት አይመችም፤ ልብ የሚረጋበት መሸጋገሪያ ያስፈልጋል። የዳስ በዓል ዳስ ከሰማይ በታች እንጂ ከጣሪያ፣ ከሰገነት ወይም ከዛፍ ሥር ቢተከል አያገለግልም። ጨረቃ የምትባረከው ውጭ ተቆሞ ነው። ሙሽሮችን ከሰማይ በታች በድንኳኑ ሥር ማቆም ብዙዎች የሚወዱት ልማድ ነው። አሁን ባለው ንድፍ ይህ ሁሉ የሚደረገው በመኪና ማቆሚያው መሥመሮች መካከል ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ስለ ለቅሶ።

በዚህ አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከመካከላችን አንድ ሰው ሲያርፍ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የአገር ሰው ከአሽዶድ፣ ከነታንያ፣ ከቂርያት ማላኪ፣ ከቤርሼባ ይመጣል። ሰባቱን ቀን የሐዘንተኛው ቤት ሰው አይለየውም። በአራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለሦስት ክፍል መኖሪያ ግን ይህን ሕዝብ አይችልም። ሰው በደረጃው ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል፤ አረጋውያን እናቶች ግድግዳ እየተደገፉ ይወጣሉ፤ ቡናው ከአንድ ጎረቤት ቤት፣ እንጀራው ከሌላው ይመጣል። ድንኳን ሲተከል በመኪና ማቆሚያ ላይ ነው፤ ለዚያም ፈቃድ ይለመናል። የሐዘን ቤት ልጆች አባታቸውን በቀበሩ ማግሥት ስለ ድንኳን ምሰሶና ስለ ኤሌክትሪክ ገመድ ሲሟገቱ አይቻለሁ። ጎረቤቶቻችን ከመስኮታቸው ሥር እስከ ሌሊት ድምፅ ሲሰሙ የሚያማርሩት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሁለታችንም በተጠበበ ቦታ ውስጥ ስለተጣልን ነው።

በምኩራቡ ግቢ ይህ ሁሉ ቦታ ያገኛል። ሐዘንተኛው ከመሬት ሳይነሳ፣ ደረጃ ሳይወጣ ሰውን ይቀበላል። የመጣው ሰው ለጸሎት ሰዓት ከወንበሩ ተነስቶ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይሄዳል፤ ለጸሎቱ የሚያስፈልገው ዐሥር ሰው ይሟላ ይሆን ብሎ ስልክ የሚደውል አይኖርም። ወጥ ቤቱ በግቢው ጎን ስለሚሆን ምግቡ ትኩስ ይደርሳል። ተዝካሩም እዚያው ይወጣል። አንድ የተቀመጠ ሰው ከመተላለፊያው ጋር ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ እንግዲህ ሦስት መቶ ለቀስተኛ የሚያስቀምጥ ግቢ ወደ 400 ካሬ ሜትር ሊጠጋ ይገባዋል። ይህ የምጠይቀው ልክ ነው። በወረቀቱ ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ በጎን በኩል በተሰነጠቀች ጠባብ መሬት እንዲተካ አልፈልግም፤ እንደ አዳራሹ ሁሉ ግቢውም ስም፣ ስፋትና በጀት ተሰጥቶት በፕሮግራሙ ውስጥ ይጻፍ።

መኪና ማቆሚያውን በሚመለከት፣ ደንቡ የሚጠይቀውን ቁጥር አውቃለሁ። ነገር ግን ምኩራቡ በሚሞላበት ቀን፣ በሰንበትና በበዓል፣ መኪና ነድቶ የሚመጣ አይኖርም። ሰው ሲሞላ ማቆሚያው ባዶ ይሆናል። በሥራ ቀን ለለቅሶ ከሌላ ከተማ የሚመጣው መኪና ብዙ እንደሆነ አልክድም፤ ለዚያ ግን ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ማቆሚያ ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሁለቱን በአንድ ስምምነት ቢያገናኝ ግማሹ አስፋልት ለሰው ይመለሳል። ኮሚቴው ይህን የማቃለል ሥልጣን ከሌለው፣ ሥልጣኑ ያለው አካል ዘንድ አብረን እንሂድ።

ስለ አቅጣጫው አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ከተማችን በባሕር ዳርቻው ሜዳ ላይ ናት፤ ኢየሩሳሌም ከእርሷ በደቡብ ምሥራቅ ትገኛለች። የጸሎቱ ፊት ወደዚያ ነው፤ ዋናው በር በተቃራኒው፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ይሆናል ማለት ነው። በበጋ ከቀትር በኋላ ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ የሚመጣውም ከዚያው ወገን ነው። ግቢው ከበሩ ፊት ቢቀመጥ ነፋሱን ተቀብሎ ለአዳራሹ ያስተላልፋል፤ ትልልቆቹን መስኮቶች ወደ ግቢው ብንከፍት በመጸውና በጸደይ የማቀዝቀዣ ማሽኑን ማጥፋት ይቻላል። በአንጻሩ የምሽቱ ፀሐይም ከምዕራብ ስለሚመታ በዚያ በኩል ጥላ ግድ ነው። ከሦስት ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ያለው በረንዳ ግቢውን በሦስት ወገን ቢከበው የበጋውን ፀሐይም የክረምቱን ዝናብም ይመክታል። ስግድ በኅዳር አካባቢ ስለሚውል የመጀመሪያው ዝናብ ሊያገኘን ይችላል፤ በረንዳው ያኔ ሕዝቡን ይይዛል፤ መካከሉ ደግሞ ለዳሱና ለጨረቃዋ ክፍት ይቀራል።

ስለ ዛፍ ቄሶቻችንንና ራቢዎቹን አስቀድመን እንጠይቅ። በዘዳግም 16፡21 በመሠዊያው አጠገብ ዛፍ እንዳይተከል ስለተከለከለ፣ በምኩራብ ግቢ መትከልንም የማይፈቅዱ ራቢዎች አሉ፤ የሚፈቅዱም አሉ። ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚነሳ ክርክር የተተከለን ዛፍ ያስነቅላል፤ ይህ እንዳይሆን እፈራለሁ። ካልተፈቀደ ጥላውን በእንጨት ርብራብና በወይን ሐረግ እናድርገው፤ ዛፉን ከቅጥሩ ውጭ በመንገዱ ዳር እንትከለው፤ ጤና አዳሙም በትልልቅ ማሰሮ ይደግ። ከተፈቀደ ግን ፊከስ ብቻ አይሁን፤ ሥሩ ንጣፉን ሁሉ ይገለብጠዋል። ሮማን ወይም ወይራ ይበቃናል።

ከዋናው ግቢ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላ ትንሽ ግቢ ቢኖር እመኛለሁ። እዚያ እጅ መታጠቢያው ይሆናል። አባቶቻችን መንደራቸውን ከወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ የነበረው ለንጽሕና ሲሉ ነው፤ ውኃ በጸሎት ቤት ደጅ መኖሩ ለእኛ ጌጥ አይደለም። የቄሶች ክፍልና የልጆች መማሪያም ወደዚህ ትንሽ ግቢ ቢከፈቱ ልጆቹ የግዕዙን ዜማ ሳይጠሩ ይሰሙታል። የግዕዙን ጸሎት የሚያውቁ ቄሶቻችን እያረጁ ነው። ልጆች በሳምንት አንድ ቀን በክፍል ተቀምጠው የሚማሩት አይበቃም፤ ሲጫወቱ በጆሯቸው የሚገባው ይበልጣል።

የሴቶችን ሰገነት በሚመለከት ከንድፉ ጋር ፈጽሞ አልስማማም። እናቶቻችን ጉልበታቸውን ያመማቸው ናቸው። በዚህ አገር በ1998 የወጣው የአካል ጉዳተኞች እኩል መብት ሕግ ሕንፃ ለሁሉም እንዲደርስ ያስገድዳል፤ በንድፉ ላይ ያለችው አንዲት አሳንሰር ሕጉን ታሟላ ይሆናል፤ በሰንበት ግን ኤሌክትሪክ መንካት ስለማይፈቀድ ቁልፏን የሚጫን የለም። የሴቶቹ ክፍል ከወንዶቹ ጋር በአንድ ወለል፣ የራሱ ሰፊ በር ወደ ዋናው ግቢ የሚከፈትለት ሆኖ ይነደፍ። ሴቶች ከኋላ ደረጃ ወጥተው በኋላ ደረጃ የሚወርዱበት ምኩራብ ውስጥ ከጸሎት በኋላ ያለው ኅብረት ለወንዶች ብቻ ይሆናል። ግቢው ሁሉንም በአንድነት የሚያገናኝ መሆን አለበት።

ወጥ ቤቱም ከእንጀራው ይጀምር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይወስዳል። ለበዓል አራት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጣድ በንድፉ ላይ የተመለከተው መሥመር አይችለውም። ጭሱና እንፋሎቱ ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ወጥ ቤቱ ከነፋሱ በታች ይሁን። ይህን ጥቃቅን ነገር የምዘረዝረው ኋላ ላይ ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ ከሁላችን ኪስ ስለሚወጣ ነው።

ደኅንነትን ያነሳችሁ እንደሆነ፣ ግቢ ያለው ምኩራብ ከሌለው ይልቅ ይጠበቃል ብዬ አምናለሁ። በ2019 በአስተስርዮ ቀን በጀርመን ሃሌ ከተማ ታጣቂ ወደ ምኩራብ ሊገባ ሲሞክር በሩ ባለመበገሩ በውስጥ የነበሩት ሰዎች ተርፈዋል። ቅጥርና በር፣ ከዚያም ግቢ፣ ከዚያም ሌላ በር መኖሩ ለጠባቂው ጊዜ ይሰጠዋል። የውጭው በር ግን በእጅ የሚከፈት ይሁን፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቁልፍ በሰንበት ያስቸግራል። የተጠበቀውን ክፍል ደግሞ ከምድር በታች አታስቀምጡት። የሮኬት ማስጠንቀቂያው ከተሰማ በኋላ ያለው ጊዜ እንደየከተማው ከጥቂት ሰከንዶች እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሮጊት ደረጃ አትወርድም። ከ1992 ወዲህ አዲስ ሕንፃ የተጠበቀ ክፍል እንዲኖረው መገደዱ መልካም ነው፤ እኛ ይህን ክፍል በግቢው ደረጃ እናድርገውና በየቀኑ የልጆች መማሪያ ይሁን። ብዙዎቻችን ለዓመታት በሕዝብ መጠለያ ውስጥ፣ መስኮት በሌለበት ምድር ቤት ጸልየናል። በመስኮቱ ወደ ኢየሩሳሌም የጸለየውን ዳንኤልን የሚያስታውሱ አባቶቻችን ያን ክፍል በትዕግሥት ተቀብለውታል፤ ልጆቻቸው ደግሞ ወደ ምድር ቤት እንዲወርዱ አንፈልግም።

ከወጣቶቻችን የሚመጣውን ጥያቄም ሰምቻለሁ፤ «ለምን የራሳችን ምኩራብ ለብቻው? እዚህ አገር ተወልደናል፤ ከሌላው ጋር እንጸልይ» ይላሉ። የሚጸልዩበትን ይምረጡ፤ አልቃወማቸውም። ነገር ግን በ1985 ወላጆቻችን አይሁድነታቸው ተጠርጥሮባቸው በኢየሩሳሌም በዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሳምንታት ተቀምጠው እንደተቃወሙ ያውቃሉ። የቄሶቻችን ጸሎት የሚሰማበት ቤት መኖሩ ከሌላው መለየት አይደለም። በሰፈራችን የሚኖሩት የሞሮኮና የቱኒዝያ ቤተሰቦችም በግቢ ዙሪያ ያደጉ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ በሩ በሥራ ቀን ቢከፈት፣ በውጭው ቅጥር ላይ አግዳሚ ወንበር ቢሠራ መጀመሪያ የሚቀመጡት እነርሱ ናቸው። ስለ ከበሮና ስለ ለቅሶ ድምፅ የሚያሳስባቸው ጎረቤቶች ደግሞ ሕንፃዎቹ ራሳቸው በግቢውና በመኖሪያ ቤቶቹ መካከል ግድግዳ ሆነው እንደሚቆሙ ቢያዩ ሐሳባቸው ይቀንሳል። በአሁኑ ንድፍ ድምፁ በቀጥታ ወደ መስኮታቸው ነው የሚሄደው።

ምሽት ላይ ከምኩራቡ ውጭ ቆመው የሚያመሹትን ጎረምሶችም አትርሱ። ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ርቀውም አይሄዱም። የሚቆሙበት መሬት በቅጥሩ ውስጥ ከሆነ የሽማግሌ ዓይን ያያቸዋል፤ እነርሱም ጸሎቱን ይሰሙታል።

ገንዘቡ ለሁሉም እንደማይበቃ አውቃለሁ። ካልበቃ አዳራሹ ይነስ። የእብነ በረዱ ንጣፍ፣ የመግቢያው መስታወት፣ ከላይ የታሰበው የግብዣ አዳራሽ ይቆዩ። ቅጥሩ፣ በረንዳው፣ ውኃውና ወጥ ቤቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይሠሩ፤ የቀረውን ኅብረተሰቡ ሲጠነክር ይጨምርበታል። አዳራሽ ሠርቶ ኋላ ግቢ መጨመር ግን አይቻልም።

በእቅድና ግንባታ ሕጉ መሠረት እቅዱ በይፋ ከተቀመጠ በኋላ ሕዝቡ ተቃውሞ የሚያቀርብበት የ60 ቀን ጊዜ አለው። ጉዳዩ እዚያ ደርሶ ከጠበቃ ጋር እንድንሟገት አልፈልግም። ከዚያ በፊት በቦታው ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡን። ቄሶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ወጣቶቹ፣ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስና ነዳፊው አብረን እንቁም። የአዳራሹንና የግቢውን ልክ በኖራ መሬቱ ላይ እናስምር፤ ወንበር ደርድረን ሦስት መቶ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ ቃሬዛ በየት እንደሚገባ፣ ሽማግሌ ከበር እስከ መቀመጫው ስንት እርምጃ እንደሚሄድ በዓይናችን እንይ። ኖራውን፣ ገመዱንና ወንበሮቹን እኛ እናመጣለን፤ ቀኑን እናንተ ቁረጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከምኩራቡ ምእመናን አንዷ የሆነች የሕንፃ ነዳፊ